እናቴ የጠረገችው ባቡር

ኮምጣጤና እርጥብ ጋዜጣ አንድ ላይ ሲሸተኝ ልጅነቴ ይመጣብኛል። ባለፈው ሳምንት በኢትዮጵያ ጎዳና፣ ከሐበሾቹ ቤተ ክርስቲያን ግንብ ወረድ ብላ ባለች አንዲት መጽሐፍ መጠረዣ ሱቅ በኩል ሳልፍ ባለሱቁ መስታወቱን በጋዜጣ ይፈትግ ነበር። ጋዜጣ በእርጥብ መስታወት ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ቀጭን ጩኸት አለ። እሱን ስሰማ እግሬ ቆመ። ሰውየው የምገዛው ነገር ያለ መስሎት ቀና ብሎ አየኝ፤ እኔም መንገዴን ቀጠልኩ። ምን ብዬ እነግረዋለሁ? ልጅ ሳለሁ ለእናቴ ደብዳቤ አነበብኩላት፣ ግማሹን ግን አስቀረሁባት ልበለው? ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

እናቴ የባቡር ጽዳት ሠራተኛ ነበረች። የምንኖረው ቂርያት መናሔም በሚባል ሰፈር፣ አንድ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ሁለታችን ብቻ ነበር። አሮጌው ባቡር የሚያበቃው ከእኛ ሰፈር ብዙም ሳይርቅ፣ ማልሐ ያለው ጣቢያ ነበር። በናፍጣ የሚሄድ ዘገምተኛ ባቡር ነው። ከባሕሩ ዳር ተነስቶ፣ ሸለቆውን እየተጠማዘዘ ወጥቶ እኛ ጋ ሲደርስ ደክሞት ይቆማል። የቸኮለ ሰው አይሳፈርበትም። ሽማግሌዎች፣ እንቅልፍ ያላለቀላቸው ወታደሮች፣ ጣቢያው አጠገብ ባለው የአራዊት ማቆያ ልጆቻቸውን አውሬ ሊያሳዩ የሚመጡ ወላጆች ነበሩ መንገደኞቹ። ቆሞ እስኪመለስ ባለችው ጊዜ ውስጥ እናቴ ባልዲዋን፣ መጥረጊያዋንና የኮምጣጤ ጠርሙሷን ይዛ ትገባለች።

ለመስታወት ብለው አንድ ሰማያዊ ፈሳሽ ሰጥተዋት ነበር። አልወደደችውም። "ይኼ ሽቶ እንጂ ማጽጃ አይደለም" ትላለች። እሷ የምትወደው መንገደኞቹ ወንበር ላይ ጥለውት የሚሄዱትን ጋዜጣ ነበር። ጨምደድ ታደርገውና ኮምጣጤ ነክራ መስታወቱን ትፈትገዋለች፤ ከዚያ አንገቷን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ የቀረ መስመር እንዳለ በብርሃኑ ትፈልጋለች። እናቴ ማንበብ አትችልም ነበር። ዕብራይስጡንም፣ አማርኛውንም። ባደገችበት አገር ሴት ልጅ ትምህርት ቤት አትላክም ነበር። ስለዚህ ጋዜጣ ለእሷ መስታወት መጥረጊያ ብቻ ነበር። ቀለሙ ግን እጇ ላይ ይቀር ነበርና ማታ ማታ ጣቶቿን በሎሚ ስታሽ አስታውሳለሁ።

ትምህርት ሲዘጋ አብሬያት እሄዳለሁ። ፉርጎው ውስጥ ናፍጣ፣ የጋለ ብረትና መንገደኛ የላጠው ብርቱካን ይሸታል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ በምዕራብ በኩል ትገባና ሰማያዊዎቹ ወንበሮች ላይ ትተኛለች። እኔ ወንበር ለወንበር እየዞርኩ ጋዜጣ እለቅማለሁ፤ እሷ ትፈትጋለች። ደስተኞች ነበርን። ይህን በግልጽ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም ያበላሸሁት ይሄንን ነው።

በሰፈራችን ደብዳቤ የሚያነቡት ልጆች ነበሩ። የውኃ፣ የሐኪም ቤት፣ የማዘጋጃ ቤት፣ የትምህርት ቤት ደብዳቤ፣ እኛ እንደምንለው ሚክታቭ፣ በመጣ ቁጥር ልጁ ያነባል፣ ወላጅ ደግሞ ዳኛ ፊት እንደቆመ ሁሉ ቆሞ ይሰማል። ሥልጣኑ ይገርማችኋል። የታችኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልጅ አስተማሪው የላከበትን ክስ "ልጅዎ ጎበዝ ነው ይላል" ብሎ ተርጉሞ አባቱ የምስጋና ዳቦ አስጋግረው ለአስተማሪው ላኩ። ለወራት ስቀንበታል። እኔ ግን እስከዚያ ቀን አንድም ቃል አላጎደልኩም ነበር። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ አንባቢዋ ነበርኩ፤ እናቴም ታምነኛለች።

አባቴ የሞተው በአራት ዓመቴ ነው። የሕንፃ ሥራ ላይ ነበር። ረጅም ብረት ተሸክሞ ሲዞር ብረቱ ከላይ ያለውን ሽቦ ነካ። ለእናቴ "ኤሌክትሪክ ያዘው" ብለው ነገሯት። ፊቱን የማውቀው ከፎቶው ነው እንጂ ትዝ አይለኝም፤ ያቺን ቃል ግን አልረሳኋትም። ኤሌክትሪክ ሰው የሚይዝ፣ እጅ ያለው ነገር ይመስለኝ ነበር። ሌላው ልጅ ጅብ ሲፈራ እኔ ሽቦ እፈራ ነበር። ከቤት ስንወጣ ሶኬት ሁሉ እየዞርኩ እነቅላለሁ። እስከ ዛሬም እነቅላለሁ።

ደብዳቤው የመጣው የለውዝ ዛፍ ሲያብብ ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ካፖርቷን እንኳ ሳታወልቅ ሰጠችኝና ጠረጴዛው አጠገብ ቆመች። ሁለት ገጽ ነበር። የመጀመሪያውን አነበብኩላት። አሮጌዎቹ ባቡሮች አርጅተዋል፤ በኤሌክትሪክ የሚሄደው አዲሱ ባቡር በተራራው ውስጥ ለውስጥ ከተማው እምብርት ድረስ ደርሷል፤ ስለዚህ የሸለቆው መስመር ከፋሲካ በኋላ ይቆማል። ፉርጎዎቹ ወደ ብረት ቆራጮች ይሄዳሉ። አንዱ ብቻ ለመታሰቢያ ይቀመጣል።

እናቴ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"ሊቆርጡት?" አለች።

"አንዱ ይቀራል ይላል።"

"የትኛው?"

"አይልም።"

ወደ ሁለተኛው ገጽ አለፍኩ። ወደ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ማዛወሪያ የሚፈልግ ሠራተኛ ፈርሞ ከፋሲካ በፊት ያምጣ፣ ይላል። በሽቦ ሥር እንዴት እንደሚሠራ የሚያስተምር ኩርስም ይወስዳል። ከሥሩ ቢጫ ሦስት ማዕዘን አለ፤ ውስጡ መብረቅ፣ ከመብረቁ በታች ወደ ኋላው የሚወድቅ ሰው። ሽቦው ሃያ አምስት ሺህ ቮልት እንደሚይዝ ተጽፏል። ከዚያ በኋላ ያለውን አላየሁትም። እናቴ ለላይኛው መስታወት የምትጠቀምበት ረጅም የብረት እጀታ አላት። እኔ ያየሁት እሱን ነው፤ እጀታው በእጇ፣ ሽቦው ከላይ።

"ሌላስ ምን ይላል?" አለች እናቴ።

"ስለ ሥራሽ እናመሰግናለን ይላል።"

"ይኼ ሁሉ ጽሑፍ ምስጋና ነው?"

"ዕብራይስጥ እንዲህ ነው ኢማ፤ ያንዛዛዋል።"

አመነችኝ። ከማመኗ በላይ የከፋው ደግሞ "መልካም፣ ማመስገናቸውም አንድ ነገር ነው" ማለቷ ነበር። ደብዳቤውን አራት ቦታ አጠፍኩና ሳሎን ከተሰቀለው የአባቴ ፎቶ ጀርባ ሸጎጥኩት። ለምን እንዳልቀደድኩት አላውቅም። ምናልባት አባቴ ይጠብቅልኛል ብዬ ይሆናል።

"ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል" ይላሉ ትልልቆቹ። የኔ እያደር ከበደኝ። እስከ ፋሲካ ያሉትን ቀኖች በደብተሬ ጀርባ እየሰረዝኩ እቆጥር ነበር። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ጣቢያዋ ትንሽ ስለነበረች በእናቴ ፈረቃ ከእሷ ሌላ ጽዳት ሠራተኛ አልነበረም፤ ይኼ ጠቀመኝ። ግን መንገደኛ ቢነግራትስ? ነጂው ቢነግራትስ? ሳልበላ ወጥቼ ሳልበላ እተኛ ነበር። እናቴ ታምሜ መስሏት ግንባሬን ትዳስሳለች፤ እጇ ኮምጣጤ ይሸታል።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። እናቴ ፊት ለፊት ከሆነ በእጇም በዓይኗም እያገዘች ዕብራይስጧን ትወጣዋለች፤ በስልክ ግን ስለሚከብዳት እንደ ሁልጊዜው ለእኔ ሰጠችኝ። መናሄሉ ነበር፣ አለቃዋ። "እዚህ አይሰማም" ብዬ በረንዳ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት።

እናትሽ የማዛወሪያውን ወረቀት አላመጣችም፣ ጊዜው እሑድ ያልቃል አለኝ። በበረንዳው መስታወት በኩል እናቴን አያታለሁ፤ ሽንኩርት እየከተፈች ነው። መስታወቱ እሷ የጠረገችው ስለሆነ በመካከላችን ምንም ያለ አይመስልም። ያኔ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ገብቼ "ኢማ፣ ነገ ፈርሚ" ማለት እችል ነበር።

"እናቴ አልፈልግም ብላለች" አልኩት። "ደክሟታል።"

"ሐቫል" አለ፤ ያሳዝናል ማለቱ ነው። ስልኩ ተዘጋ።

ስገባ ማን እንደሆነ ጠየቀችኝ። መናሄሉ ነው፣ የመጨረሻውን ቀን ሊነግርሽ ነው አልኳት።

"ደህና ሰው ነው" አለች፣ ሽንኩርት መክተፏን ሳታቋርጥ።

እሑድ አለፈ። እፎይ የምል መስሎኝ ነበር። እናቴ ሥራ ያለበት እንዲነግሯት ጎረቤቶቿን መጠየቅ ጀመረች። ጠዋት ጠዋት ግን ወደ ባቡሯ ትሄዳለች፣ መስታወቱንም እንደ ድሮው ትፈትጋለች፤ እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ታጠብቃለች። የፋሲካ ዕረፍት ነበርና እኔም አብሬያት ነኝ። አንድ ቀን አልቻልኩም፤ ሊቆርጡት አይደል ወይ፣ ለምን ትለፊያለሽ አልኳት።

"ሰው ሲሞት አጥበን አይደል የምንሸኘው?" አለችኝ።

የመጨረሻው ቀን ጣቢያዋ በሰው ተሞላች። ካሜራ ያንጠለጠሉ ሽማግሌዎች ሃዲዱ ዳር ተደርድረው የባቡሩን ፊት፣ ጎን፣ ቁጥሩን ሳይቀር ያነሳሉ። ይህን ሁሉ ዓመት የት ነበሩ አልኩ በሆዴ። እናቴ ፉርጎው ውስጥ ሥራ ላይ ነበረች። መናሄሉ መጣ። ቀበቶው ላይ ቁልፍ የሚንጫጫ ትልቅ ሰው ነው፤ አንድ እሽግ ከረሜላ ይዞላት ነበር። እንድትሰማው ብሎ ቀስ እያለ ነው የተናገረው፤ ስለዚህ እያንዳንዷ ቃል ለእኔም ቀስ ብላ ደረሰችኝ።

"አለመፈለግሽ ያሳዝናል። ላንቺ ቦታ ይዤልሽ ነበር።"

የእናቴ እጅ መስታወቱ ላይ ቆመ። ከጋዜጣው ኮምጣጤ በክርኗ ይወርዳል። ዞራ አየችኝ። እኔ ጫማዬን አየሁ። የሰዉ ድምፅ፣ የሞተሩ ድምፅ ራቀኝ። አሁን ትጮኻለች፣ አሁን ታዋርደኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብታደርገው ይሻለኝ ነበር።

"ኬን" አለችው እናቴ። "ሎ ራጺቲ።" አዎ፣ አልፈለግኩም ማለቷ ነው።

ከዚያ ወደ መስታወቱ ተመለሰችና ያንኑ የጸዳ ቦታ ደግማ ጠረገችው።

መናሄሉ ዛሬስ እንደ መንገደኛ ተቀመጪ ብሎ ከመስኮት አጠገብ አስቀመጣት። ባቡሩ ከእኛ ጋር ወደ ሸለቆው ወረደ። እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ጣቶቿ እንደጠቆሩ፣ ወደ ውጭ ታያለች። እኔ ከፊቷ ተቀምጬ በየጥምዝምዙ እጠብቃለሁ፤ ከዚህ መታጠፊያ በኋላ ትጠይቀኛለች፣ ከዚህ ድልድይ በኋላ ትጠይቀኛለች። ብሬኩ ሲይዝ የሚሸተው የጋለ ብረት እስከ ጉሮሮዬ ገባ። ምንም አልጠየቀችኝም። አንድ ጊዜ ብቻ "ይኼ ሁሉ ዛፍ ነበር ለካ" አለች። ያን ሁሉ ዓመት መስኮቱን ስትጠርግ ሸለቆውን አይታው አታውቅም ነበር። ከታች ወርደን በአውቶቡስ ተመለስን፤ ባቡሩም ያለ እኛ ወደ ብረት ቆራጮቹ መንገዱን ቀጠለ።

ከዚያ በኋላ እናቴ ኢትዮጵያ ጎዳና ያሉትን የድንጋይ ቤቶች ደረጃና መስኮት ማጽዳት ጀመረች። ስለ ደብዳቤው ቃል አልተነፈሰችም፤ እኔም። አንድ ማዕድ እየበላን፣ አንድ ቤት እየኖርን፣ ያቺ ነገር መሃላችን ተቀምጣ ኖረች። ስታስነጥስ እንኳ አሁን ልትናገር ነው እላለሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት በጊዜ ተለቅቄ ላገኛት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ በር አጠገብ ዝቅ ያለው ግንብ ላይ፣ ከአንዲት መነኩሲት ጋር ተቀምጣለች። ጉልበቷ ላይ ደብተር ዘርግታ ሀ ሁ ትጽፋለች። መነኩሲቷ የደምቢያ ሰው ናቸው፤ የእናቴ አገር ከዚያ ወንዝ ማዶ ነው። እዚያ ቢሆን እሳቸው ክርስቲያን፣ እሷ ቤተ እስራኤል፤ እንኳን አብረው ሊቀመጡ እጅ ለእጅም አይነካኩም ነበር።

"አገራችን ቢሆን እኮ እማሆይ፣ እኔን ከነኩ ወንዝ ወርደው ሊታጠቡ ነበር" ስትላቸው ሰማኋት፤ እየሳቀች።

"አንቺም ትታጠቢ ነበር እህቴ" አሏት መነኩሲቷ። "በይ 'ለ'ን ጻፊ።"

እናቴ ስታየኝ እንደ ሕፃን አፈረች። ይኼ ከተያዘላት የዕብራይስጡንም የማታ ትምህርት እንደምትጀምር ነገረችኝና "ከእንግዲህ በደብዳቤ አላስቸግርሽም" አለች። ሌላ ልጅ ቢሆን አቅፎ ይስማት ነበር። እኔ ግን ቀዘቀዝኩ። ሰበብ ፈጥሬ ቀድሜያት ወደ ቤት ሮጥኩና የአባቴን ፎቶ ከግድግዳው አወረድኩ። ደብዳቤው ቦታው ላይ ነው። እኔ አራት ቦታ አጥፌው ነበር፤ አሁን የታጠፈው ግን ሁለት ቦታ ነው። መልሼ ሸጎጥኩት። ለዓመታት፣ ወታደር ቤት ገብቼ እስክወጣ፣ ሳስታውሰው ላብ ያጠምቀኝ ነበር።

ወደ ጦር ሰፈሬ የምሄደው በኤሌክትሪኩ ባቡር ነበር። ምንም አይሸትም። ጨለማ ውስጥ ገብቶ ባንዴ ይወጣል። የጽዳት ሠራተኞቹን ዓይኔ ሳይፈልግ ቀርቶ አያውቅም፤ አንዷ በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ እያንጎራጎረች የምትጠርግ ሴት ነበረች። ሁሉም ደህና ናቸው። የውጭውን መስታወት የሚያጥቡት ከላይ ሽቦ በሌለበት ቦታ እንደሆነ አንድ ቀን ከእሷው ሰማሁ። ኋላ ደብዳቤውን አውጥቼ ሳየው፣ ለካ እሱም ከሥዕሉ ቀጥሎ፣ ባላነበብኩት መስመር ላይ ተጽፎ ነበር።

ዘንድሮ ያ የቀረው አንድ ፉርጎ በከተማው ደቡብ በኩል ባለ መናፈሻ ውስጥ፣ ቁራጭ ሃዲድ ተነጥፎለት መቀመጡን ሰማሁ። ለእናቴ ልንገራት አልንገራት እያልኩ ብዙ ሰነበትኩ። ስነግራት ዓርብ ጠዋት እንሂድ አለች። አንድ ፌስታል ይዛ ወጣች፤ ምን እንደያዘች አልጠየቅኳትም።

ፉርጎውን ቀለም ቀብተውታል። መስታወቱ ግን በአቧራ ተሸፍኗል። በሩ አጠገብ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ አለ። እናቴ ተጠግታ፣ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያሳለፈች፣ ድምፅ አውጥታ ማንበብ ጀመረች። እኔ በአንድ ትንፋሽ የምጨርሰው ነው። ላግዛት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። ስትጨርስ ዓይኗን ከሰሌዳው ሳታነሳ ተናገረች።

"ያንን ሚክታቭም እንዲህ ነው ያነበብኩት። ሁለት ወር ፈጀብኝ።"

ስንት ዓመት የተዘጋጀሁበት ይቅርታ ነበረኝ፤ እኔ ግን እንደ እሷ ሰሌዳውን ብቻ አየሁ።

"ያገኘሁትማ ባኖርሽው በሦስተኛው ቀን ነው" አለች። "ጽዳት ሠራተኛ ቤት ወረቀት ይደበቃል?"

"ታዲያ ያኔ ለምን ለሰው አላስነበብሽውም?" አልኳት።

"ሥዕል ነበረበት። የትምህርት ቤት መሰለኝ። ከክፍል ወድቀሽ የደበቅሽው። የልጄን ውድቀት ለባዳ አላሳይም ብዬ መልሼ አኖርኩት።"

በሦስተኛው ቀን። ለመፈረም ገና የሦስት ሳምንት ጊዜ ነበራት። እኔ እሷን ላድን ደበቅኩ፤ እሷም እኔን ላትርፍ ብላ ዝም አለች። ባቡሩ በመካከላችን አለፈ።

"አዝነሽብኛል?" አልኳት።

እንደማትዋሸኝ አውቅ ነበር።

"ሥራውን እወደው ነበር" አለች። ቀጥላም "አንቺም ያለሽ አንድ እናት ናት" አለችኝ።

ፌስታሏን ከፈተች። የኮምጣጤ ጠርሙስና የተጣጠፈ ጋዜጣ ነው። አንዱን ቅጠል አንስቼ ልጨመድደው ስል እጄን ያዘችው።

"እሱን ተዪ፤ ገና አልጨረስኩትም" አለችና አጥፋ ወደ ቦርሳዋ አስገባችው። ሌላውን ሰጠችኝ።

እሷ ከታች፣ እኔ እጄ እስከደረሰበት ከላይ ከላይ፣ የፉርጎውን መስታወት እንደ ድሮው ፈተግነው። ስንጨርስ አንገቷን ዘንበል አድርጋ በብርሃኑ አየችው፤ በዚያ በኩል ሰማያዊዎቹ ወንበሮች ባዶአቸውን ተደርድረዋል። አንድ የቀረ መስመር አሳየችኝ። ጠረግኩት።